ልጆቻችንን ያለ ክሬዲት ወደ ዲለር አንላክ

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ «ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ክሬዲት ማስጀመር ዕዳ ማስለመድ ነው። የመጀመሪያ መኪናውን ሠርቶ በካሽ ይግዛ» አሉ። (ክሬዲት የምንለው ሰው ብድሩንና ካርዱን በወቅቱ ስለመክፈሉ የሚያዝለትን መዝገብ ነው።) አዳራሹ አጨበጨበ። ቪዲዮው አሁን በየቴሌግራሙ እየዞረ ነው። ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

በየትኛው ካሽ ነው የሚገዛው? በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አሠሪው ከዚያም አሳንሶ መክፈል ይፈቀድለታል። ትምህርት ቤት እየዋለ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ልጅ በዚህ ደመወዝ ደህና መኪና እስኪገዛ ኮሌጅ ሊጨርስ ነው። መጨረሻ ላይ ካሹን የሚያወጣው አባት ነው፤ ያውም ካለው። ከሌለው ልጁ 18 ሲሞላው ብቻውን ዲለር (መኪና ሻጭ) ጋ ይሄዳል። የክሬዲት ፋይሉ ባዶ ነው። ሻጩም የሚጠብቀው እንደዚህ ዓይነቱን ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። 15,000 ዶላር በአምስት ዓመት የሚከፈል ብድር እንበል። ጥሩ ክሬዲት ኖሮት ወለዱ 7 በመቶ ሲሆን በወር 297 ዶላር ገደማ ይመጣል። ፋይሉ ባዶ ሆኖ 21 በመቶ ሲሆን 406 ዶላር ይደርሳል። ያው መኪና ነው፣ ልዩነቱ ግን በጠቅላላው ከ6,500 ዶላር ይበልጣል። ይህ የልጆቻችን የመጽሐፍ፣ የቤት ኪራይ፣ ለአያት የሚላክ ገንዘብ ነው። ደግሞ በካሽ የገዛም አያመልጥም። እነ ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ቢከለክሉም፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ሲወጣ ክሬዲት ይታያል።

«ዕዳ ማስለመድ» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ነገሩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ወላጅ ልጁን በራሱ ክሬዲት ካርድ ላይ ኦቶራይዝድ ዩዘር፣ ማለትም በካርዱ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው፣ አድርጎ ያስመዘግባል። ካርዱን ለልጁ መስጠት እንኳ ግዴታ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ። ለባንኩ ተጠያቂው የካርዱ ባለቤት ነው። ባንኩ ለክሬዲት ቢሮዎች (መዝገቡን ለሚይዙት ድርጅቶች) ሪፖርት ካደረገ ግን የወላጁ መልካም አከፋፈል በልጁ ፋይል ላይም ይታያል። ሁሉም ባንክ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ሪፖርት አያደርግም፤ ደውሎ መጠየቅ ነው። ታዲያ ዕዳው የቱ ጋ ነው?

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህን ክርክር ያጨበጨበለት ሕዝብ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ መሆኑ ነው። ዕቁብ እኮ ክሬዲት ነው። ማንም የማያውቀው ሰው ገና በመጀመሪያው ዙር ዕጣ ቢወጣለት ያለ ዋስ ገንዘቡን ይወስዳል? አይወስድም። ዳኛው ዋስ አምጣ ይለዋል። ለዓመታት ሳያዛንፍ የጣለ ሰው ግን ስሙ ራሱ ዋስ ይሆነዋል። አዲስ ሰው የሚገባውም የታመነ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ሲያስገባው ነው። ኦቶራይዝድ ዩዘር ማድረግ ከዚህ በምን ይለያል? የታመነ ሰው ያልታወቀውን በስሙ ማስገባቱ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ዕዳ አስለመዱ ያላቸው የለም። ችግሩ እዚህ አገር ያለው መዝገብ ዕቁባችንን አያየውም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሚሽን አሴት ፈንድ የተባለ ድርጅት በስደተኞች የቁጠባ ክበብ የሚደረገውን ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት እያደረገ ነው፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ሥራ ሕግ አወጣች። እኛ ግን በየወሩ ስንትና ስንት ዶላር ሳናዛንፍ እየጣልን አንዲት ነጥብ አናገኝበትም። ልጆቻችንም ከዚህ ሁሉ ታማኝነት ምንም ሳይወርሱ ከዜሮ ይጀምራሉ። ይህ ነው ሊያስቆጨን የሚገባው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ካርዱን እስከ አፉ የሞላ ወይም የክፍያ ቀን የሚያሳልፍ ወላጅ ልጁን አይጨምር፤ ጣጣው ለልጁ ይተርፋል። እሱ መጀመሪያ የራሱን ያስተካክል።

ለሌሎቻችን ግን መዘግየት ምክንያት የለውም። አበዳሪዎች የሚያዩት የክሬዲት ነጥብ፣ ፋይኮ፣ 35 በመቶው በወቅቱ ከመክፈል፣ 15 በመቶው ከታሪክ ርዝመት ይመጣል። ነጥብ እንዲወጣ እንኳ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው ሂሳብ ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ መኪናው በተፈለገበት ሳምንት ከየትም አናመጣውም። ልጁ 18 ሲሞላው በ200 ዶላር መያዣ የሚሰጥ ሴኪዩርድ ካርድ ያውጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአሜሪካ ሕግ 21 እስኪሞላው የራሱ ገቢ ወይም አብሮት የሚፈርም ሰው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የቅዳሜ ሥራው ለዚህም ይጠቅማል። ቤንዚን ይቅዳበት፣ የወሩን በሙሉ ይክፈል። በቃ።

አዘጋጆቹ ያንን ቪዲዮ ማሰራጨት ያቁሙ። በሚቀጥለው ስብሰባም ባንክ ውስጥ የሚሠሩ ልጆቻችንን ጋብዘው፣ ወላጆች ስልካቸውን ከፍተው እዚያው ልጆቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ያድርጉ።