ኔትወርክ ሲጨናነቅ የዳታ ዋጋ ይጨምር?

የክርክሩ ሐሳብ ይህ ነው፦ «የሞባይል ኔትወርክ በተጨናነቀበት ሰዓትና ቦታ የዳታ ዋጋ ከፍ ይበል።» ደጋፊው በአንድ የቴሌኮም ድርጅት የሚሠሩ መሐንዲስ ናቸው። ተቃዋሚዋ ማታ ማታ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው።

መሐንዲሱ፦ 20 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ስፋት የተሰጠው የ4ጂ ሴል፣ ማለትም አንድ የማማ አንቴና የሚሸፍነው ቦታ፣ ሪሶርስ ብሎክ የሚባሉ 100 ቁራጮች አሉት። የማማው ማሽን እነዚህን በየሚሊሰከንዱ ለተጠቃሚው ያድላል። ሌሊት ሰው ሲተኛ አብዛኛዎቹ ሥራ ፈትተው ያድራሉ። ማታ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት የሚታደሉት ግን ያው 100 ናቸው። አንድም አይጨመርም። ዋጋው ቀኑን ሙሉ አንድ ስለሆነ ለነገ የሚያየውን ፊልም የሚያወርድና ሐኪም የሚያነጋግር እኩል ይሻማሉ። ዋጋው ከመጨናነቁ ጋር ከፍ ቢል መጠበቅ የሚችል ይጠብቃል። መስመሩም ለቸገረው ይለቀቃል።

መምህርቷ፦ «መጠበቅ የሚችል ይጠብቃል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ዋጋ ሲጨምር የሚወጣው መጠበቅ የሚችለው አይደለም፤ መክፈል ያቃተው ነው። ተማሪዎቼ ቀን ይሠራሉ። የሚማሩት ማታ ነው፤ ልክ እርስዎ ዋጋ ጨምሩ በሚሉበት ሰዓት። ፊልም የሚያወርደው ሰውዬ ገንዘብ ካለው ከፍሎ ማውረዱን ይቀጥላል። እነሱ ግን ከክፍል ይወጣሉ። ሰው ከበዛ ማማ ጨምሩ እንጂ!

መሐንዲሱ፦ ማማ መጨመር በአፍ ይቀላል። የጎረቤት ማማዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠሩ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ለሁለትና ሦስት ሰዓት ጭንቅንቅ የቆመ ማማ ደግሞ የቀረውን ቀን ያለ ሥራ ይውላል፤ ወጪውን የሚሸፍነው ያው ደንበኛው ነው። የእኔ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የፓሪስ ሜትሮ ለብዙ ዘመን አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ ነበረው። በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ፍጥነት ነው የሚሄዱት። አንደኛው ዋጋው ስለሚበልጥ ብቻ ሰው አይበዛበትም ነበር። የሒሳብ ሊቁ አንድሪው ኦድሊዝኮ ይህንኑ ለኢንተርኔት አቅርቦታል። የቸኮለ ይከፍላል፤ ያልቸኮለ ይጠብቃል።

መምህርቷ፦ አሁንም «ይጠብቃል»! የፓሪሱን ታሪክ ለምን ከመሃል ቆረጡት? ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛ ማዕረግ የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ሆነ። ሰው በሚጋፋበት ሰዓት ፉርጎው ለሁሉም ተከፈተ። በ1991 ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ጭንቅንቁ ሲብስ ልዩነቱን አነሱት፤ እርስዎ በዚያው ሰዓት ጨምሩ ይላሉ። ደግሞስ መክፈልና መቸኮል መቼ አንድ ሆኑ? እስካሁን አልመለሱልኝም።

መሐንዲሱ፦ ድሃ ይባረር የሚል ቃል ከእኔ አልወጣም። እንደዚያ መነበቤ ያሳዝነኛል። ሌሊት ብልሽት ሲደርስ ከአልጋዬ የምነሳው ለሀብታም ብቻ አይደለም። እሺ፣ ጭማሪውን ተዉት፤ በቅናሽ ይሁን። ኤምቲኤን የተባለው የቴሌኮም ድርጅት «ኤምቲኤን ዞን» በሚል አገልግሎቱ በአፍሪካ አገሮች በድምፅ ጥሪ እንዲህ ሠርቷል። ደዋዩ ባለበት ቦታና ሰዓት ያለው ቅናሽ ስልኩ ላይ ይታየው ነበር። ማማው ጭር ሲል ቅናሹ ይጨምር ነበር። በዳታም ይቻላል። አፕዴቱን፣ ፊልሙን ሌሊት አውርዱ፤ በርካሽ ታገኛላችሁ። ይህ ማንን ይጎዳል?

መምህርቷ፦ ሲጀምሩ «ከፍ ይበል» ነበር። አሁን «ይቀንስ» ሆነ። ደስ ይለኛል፤ ግን መለወጥዎን ይናገሩ። ቅናሹስ የሚቀነሰው ከምን ላይ ነው? መነሻውን ዋጋ ቀድማችሁ ከፍ ካደረጋችሁት፣ የማታው ተማሪ ሙሉውን እየከፈለ የሌሊቱን ቅናሽ ይሸፍናል። እኔ ክፍሌን ወደ ሌሊት 9 ሰዓት ማዛወር አልችልም።

መሐንዲሱ፦ እኔም መልስ የተነፈገኝ ጥያቄ አለኝ። ዋጋ ካልሆነ 100 ቁራጭ በምን ይከፋፈል? ዛሬም እኮ እየተከፋፈለ ነው። ማሽኑ ሲግናሉ የጠራለትን ያስቀድማል፤ እስካሁን ትንሽ የደረሰውንም ያስባል። ከማማው ርቆ የሚኖር ሰው በዚህ ይጎዳል። ይህን የሚቃወም ሰው አላየሁም። ዋጋ ሲባል ብቻ ነው ጩኸቱ።

መምህርቷ፦ ለሁሉም በማንኛውም ሰዓት በአንድ ዋጋ የሚደርስ መነሻ ፍጥነት ይኑር። አንድ ትምህርት ሳይቆራረጥ የሚያሳይ ይሁን። ከዚያ በላይ ያለውን እንደ ጭንቅንቁ አስከፍሉ። አልቃወምም።

መሐንዲሱ፦ ይህን ብቀበልስ? በአንድ ሴል ሥር 10 ተማሪ ካለ ይቻላል። 500 ካለ መነሻው ብቻ ማማውን ይጨርሰዋል። ስንት ሰው አስበው ነው?

መምህርቷ፦ እኔ ከየት አምጥቼ ልቁጠር? የትኛው ማማ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚያየው የእርስዎ ክፍል ነው። እኔ የማየው ስክሪኑ ላይ ደርቆ የቀረ የተማሪ ፊት ነው። ተጨናንቋል ብላችሁ ስትጨምሩ መጨናነቁን በምን እናረጋግጥ? ቁጥሩን በየማማው፣ በየሰዓቱ አውጡት። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

መሐንዲሱ፦ ቁጥሩን ማውጣት የእኔ ሥልጣን አይደለም።

መምህርቷ፦ የማን ነው?