ለድስት ክዳን የቆምን ሰዎች ለቀበሌያችን ለምን አንቆምም?

የማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣ፣ የዳንግላ፣ የቡሬ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከእናንተው አንዱ ነኝና ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

የቀበሌ ስብሰባ ስንጠራ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግማሻችን እንቀራለን። የመጣነው ስማችንን አስመዝግበን ከኋላ ወንበር እንፈልጋለን። ሪፖርት ይነበባል። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ይላል። ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ሁልጊዜ የሚናገሩት አንድ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ያመሰግናሉ። እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል። ከዚያ ገና በሩን ሳንሻገር አፋችን ይከፈታል። «የመንገዱ ገንዘብ የት ገባ?» «ቦታውን ለዘመዱ ነው የሰጠው አሉ።» ጠላ ቤት ስንደርስማ ያልተነገረ ነገር አይቀርም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰፈረችም። ደብተሩን ነገ የሚገልጥ ሰው ሕዝቡ ተስማምቶ እንደተለያየ ነው የሚያነበው።

እነዚያው ሰዎች እድር ላይ ሌላ ናቸው። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገልጦ ከመዋጮ የገባውን፣ ለቀብር የወጣውን፣ ባንክ ያለውን ያነባል። ከዚያ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ። «ባለፈው ለልቅሶ የወጣው ትልቁ ድስት ተመልሷል ወይ?» ዕቃ ያዡ ደብተሩን ያገላብጣል። «ተመልሷል፣ እማማ።» «ክዳኑስ?» ክዳኑ የለም። አለቀ፤ ስብሰባው ወደ ክዳኑ ይዞራል። ማን አወጣ፣ ማን ተረከበ፣ ማን ፈረመ። ፀሐዩ ቢከርም የሚነሣ የለም። በመጨረሻ የፈረመው ሰው ይተካ ይባላል። ሰውየው የወረዳ ኃላፊ ቢሆንም ይተካል።

ይህን ማንም መጥቶ አላስተማረን። ሥልጠና አልወሰድንበትም፣ አበልም አልተከፈለንም። ታዲያ ለድስት ክዳን እንዲህ የሚቆም ሕዝብ ለትራንስፎርመር ብር አዋጥቶ ደረሰኝ የማይጠይቀው ለምንድን ነው?

እኔ በምኖርበት ሰፈር ለቦኖ ማሠሪያ ከየቤቱ ተዋጣ። ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ ቦኖው እንደደረቀ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ። ገንዘቡ ማን እጅ እንዳለ በአደባባይ የጠየቀ የለም። ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ የሚወርዱት ሴት ልጆቻችን ናቸው፤ ክፍል የሚረፍድባቸውም እነሱ ናቸው። ዝምታችንን የሚከፍሉልን እነሱ መሆናቸው ሊያመን ይገባል።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለን ነው ያደግነው። ቀበሌ ራሱ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነዋሪው በራሱ ማኅበር ራሱን ያስተዳድር ተብሎ የመጣ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻችን የሚታሠሩበት ግቢ ሆነ። ያን ያየ ወላጅ ልጁን «ጎመን በጤና» ቢል አልፈርድበትም። እኛ ግን ምክሩን ከነፍርሃቱ ወርሰን ለልጆቻችን እያወረስን ነው። ይሄ ይብቃ።

ደግሞ ጎጃሜ ፈሪ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ መሬቴ በቃላድ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ያለ ገበሬ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስ አውራጃ እምቢ አለ። ጦር ዘመተበት። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ከሹመቱ ተነሣ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። አባቶቻችን ይህን ያህል ችለዋል። እምቢ ማለቱን ወርሰናል፤ ነገሩ ከበረደ በኋላ በየወሩ ቁጭ ብሎ ሒሳብ መጠየቁን ግን አልለመድነውም። አንድ ቀን እንገነፍላለን፣ ከዚያ ዓመታት እንተኛለን። ሹመኛ ደግሞ ይህን ጠባያችንን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ግንፍል ስንል ዞር ይልና ስንተኛ ይመለሳል።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል ይላል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ተግባሩን እዩት። በክልላችን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 የሚጠበቀው ተራዘመ። በ2005 የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። «የቀበሌ ምክር ቤታችን ምርጫ መቼ ነው?» ብሎ በጽሑፍ የጠየቀ ሰፈር ካለ ምስጋናዬ ይድረሰው። እኔ አንድም አልሰማሁም።

ጊዜው ክፉ መሆኑን አውቃለሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አምስት ሰው ቆሞ ሲያወራ በክፉ የሚያይ አለ። ማንንም ወደ አደጋ አልገፋም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ መሃል እድር አልተቋረጠም። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሟቹ በክብር ይቀበራል። የሰፈራችንን ጉዳይ የምንነጋገርበት ሌላ ቤት እስኪገኝ አንጠብቅ፤ ያለን ይሄ ነው።

እድራችንም ቢሆን ከተግሳጽ አያመልጥም። ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ መዋጮ በጊዜው የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ግን ወንድ ነው። የድስቱን ክዳን የጠየቁት እናት ምን አነሳቸውና ነው ኦዲት ኮሚቴ ውስጥ የሌሉት? ተከራይስ? ሰፈሩ ውስጥ ዓመታት ኖሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ «ነገ ይሄዳል» እየተባለ ከመዝገብ ውጭ የሚቀር ስንት አለ። ወጣቱን ድንኳን ለመትከል እንጠራዋለን፣ ለውሳኔ ግን «ገና ልጅ ነህ» እንለዋለን። አንዳንዱ ዳኛ ደግሞ ወንበሩ ላይ አርጅቷል። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ይውረድ፣ ሌላ ይመረጥ። እድራችን ውስጥ ሥልጣን ማስረከብ ያልለመደ ሰው ቀበሌ ላይ ቢሾም የት ይለምደዋል?

ስለዚህ በሚመጣው የእድር ቀን ሒሳቡ ተነብቦ ካለቀ በኋላ አትበተኑ። «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ስትደርሱ የሰፈራችሁን አንድ ጉዳይ አንሡ። ቦኖው ይሁን፣ የመብራት ምሰሶው ይሁን፣ የጎርፍ መውረጃው ይሁን፤ አንድ ብቻ። ሦስት ሰው ምረጡ፣ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወጣት ይሁኑ። ሳምንቱን ሳያሳልፉ ቀበሌ ሄደው ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ተቀባዩ ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት። መልስ ቢገኝም ባይገኝም በሚቀጥለው ወር ቆመው ሪፖርት ያድርጉ። ጸሐፊው ስማቸውን፣ ቀኑንና የተሰጣቸውን መልስ እድሩ ደብተር ላይ ይጻፈው። ያልሄደ ካለም እንደቀሪ ይቀጣ።