ወይ ባል ወይ ቆብ

ወሬው የተነሳው ስለ አንዲት የሰፈራችን ሴት ነው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቷል። ሥራ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ጾሙንም አታጓድልም። ባል ግን አልፈልግም ብላለች። ቤተሰቦቿ «እንግዲያው ገዳም ግቢ» ቢሏት እሱንም አልፈለገችም። እናቷ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል ለጠበል ይዘዋት ዞሩ። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወርደው «ልጄን ዳርልኝና ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተስለዋል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ቡና የምንጠጣ ሰዎች ይህን ይዘን እስኪመሽ ተጨቃጨቅን።

መጋላ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ ቀደመ። «አቦ! ይሄ ምን ያከራክራል? ትዳር የዲን፣ የሃይማኖት ግማሽ ነው። እኛ ጋ ምንኩስና የሚባል የለም።» ከቁርአን ሱረቱል ሐዲድን ጠቀሰ፤ ምንኩስናን የኢሳ ተከታዮች ራሳቸው ፈጠሩት እንጂ አላህ አልደነገገባቸውም ይላል። ሱረቱል ኑርንም ጨመረ፤ ያላገቡትን አጋቡ ይላል።

ዲያቆኑ «እኛ ጋ ግን አለ» አለ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ ያገባል ወይ ይመነኩሳል። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ደግሞ አያገባም። ጳጳስ የሚሾመው ከመነኮሳት ነው። ሁሉንም በጣቱ እየቆጠረ ነገረንና «መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ተክሊል ወይ ቆብ» ብሎ ዘጋ።

ነርሷ አለቀቀችውም። የሴትዮዋ ጓደኛ ናት፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ደሟ ፈልቷል።

«ሦስተኛ መንገድ የለም ያለው ማነው? ጳውሎስ ነው?»

«ጳውሎስማ በምኞት ከመቃጠል ማግባት ይሻላል ነው ያለው።»

«ትቃጠላለች ያለህ ማነው? እስቲ ከፍ ብለህ አንብበው።»

ዲያቆኑ ስልኩን አውጥቶ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7ን ከፈተ። ለእሱ ክብር ልስጠው፣ የማይመቸውን አልዘለለም። ጳውሎስ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ሳያገባ ቢኖር እወድ ነበር ይላል። ግን ለእያንዳንዱ የራሱ ስጦታ አለው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ስለ ደናግል የጌታ ትእዛዝ የለኝም፣ ምክር ነው የምሰጠው ይላል። ስለ ቆብ አንድም ቃል የለም። ዲያቆኑ ስልኩን ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ።

ሕግ የምትማረው የሳቢያን ልጅ ወደ ነጋዴው ዞረች። «ትልቁ የሐዲስ ሊቅ ኢማም ነወዊስ? አላገቡም እኮ። ሱፊዋ፣ የበስራዋ ራቢያስ?»

«እነሱማ ወልይ፣ የአላህ ወዳጆች ናቸው!»

«ይቺኛዋስ ወልይ ብትሆን በምን አወቅህ?» አለች ነርሷ። ነጋዴው ራሱ ሳቀ።

ዲያቆኑም ቆይቶ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ገባ። ነርሷ ወለተ ጴጥሮስን አነሳችበት፤ የአፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረ ባሏን ትታ የመነነችውን። «እሷማ ቅድስት ናት» አለ። አሁን ቅድስት ናት። በጊዜዋ ግን መጀመሪያ ስትወጣ ባሏ በወታደር አሳድዶ መልሷታል። ያኔም ጎረቤት ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

ይሄኔ ነው የምድር ባቡሩ ጡረተኛ የገባው። «ሴት ልጅ ብቻዋን አታረጅም» አለ፣ ረጋ ብሎ።

ቡና የምታፈላው ልጅ ቀና አለች። «አንተስ ጋሼ? ከማን ጋር ነው ያረጀኸው?» (ድሬ ውስጥ ጋሼም አንተ ነው፣ ሌላ አገር ያላችሁ አትደንግጡ።)

«እኔማ ወንድ ነኝ!»

ሳቁ ጎዳናው ድረስ ተሰማ። ሰውዬው አግብቶ አያውቅም። ከድሬ እስከ ጅቡቲ በየጣቢያው ማን ትጠብቀው እንደነበር ራሱ ነው ቁጭ ብሎ የሚያወራው፣ እኛም እየሳቅን የምንሰማው። ዓይነ ጥላ ይዞታል ብሎ ጠበል የወሰደው የለም።

የሕግ ተማሪዋ ድሬ በፌዴራል ሥር ስለሆነች በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንደምትዳኝ፣ ጋብቻ ያለ ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንደማይጸና ነገረችን። ማንም አልተቃወማት። ማንም ሐሳቡን የቀየረም የለም። ሕግ ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው፣ የሰፈር አፍ የራሱ ችሎት አለው።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ነርሷ መጨረሻ ላይ «የሰው አልጋ ማንንም አያገባውም» ብላለች፤ እዚህ ላይ አልከተላትም። ሃይማኖት አማኙን አልጋው ድረስ ይከተለዋል። ቄሱም ሼኹም ዝሙት ኃጢአት ነው ቢሉ ሥራቸው ነው። ግን ይህቺን ሴት ምን ስታደርግ ያገኛት አለ? የቀረበባት ማስረጃ «መቼም አንድ ሰው ሳይኖራት አይቀርም» የሚል ነው። ጳውሎስ መልካም ነው ያለውን አድርጋ ነው የምትታማው። ነገ ቆብ ብትደፋ ኑሮዋ በዚህ በኩል ያው ነው፣ ሐሜተኛው ሁሉ ግን ጉልበቷን ሊስም ይሰለፋል። ሰፈሩን ያበሳጨው ማንንም ሳታስፈቅድ መወሰኗ ይመስለኛል። የወንዱ ላጤነት ጨዋታ ሆኖ የሷ በሽታ የሚሆነውም ለዚያ ነው።

ነጋዴው ካለው ሁሉ አንዱ ብቻ ከበደኝ። ልንነሳ ስንል «ስትታመም ውኃ የሚያቀብላት ማነው? እድሩ እንኳ የሚመዘግበው አባወራ ነው» አለ። ይሄ እውነት ነው፤ ኃጢአትና ጽድቅ ግን የለበትም። ጠበልም አይፈታውም። የሚፈታው የእድሩ መዝገብ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት በራሷ ስም ትመዝገብ፣ ስትታመም ተራ ወጥቶላት ትጠየቅ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን አነሳለሁ። ነጋዴው ከተናገረው አይቀር ቢደግፈኝ ደስ ይለኛል። ጡረተኛው እንኳ መደገፉ አይቀርም፤ እሱም እስከ ዛሬ እድር ያለው በእህቱ ቤት ስም ነው።