ጦሳ ራሱን አይቀርጽም

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ የፊልም ወዳጆች ነን የሚሉ ልጆች እጅ አውጥተው ድምፅ ሰጡ። ጄሲካ በሽር ሐረር አካባቢ ስለ ጫት የሠራችው ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም፣ «ፋያ ዳዪ»፣ ከወሩ ፕሮግራማቸው ወጣ። በቦታው ሐይቅን ከላይ ከላይ የሚያሳይ አንድ የፍቅር ፊልም ገባ። ምክንያታቸው አንድ መስመር ናት፤ «ሲኒማቶግራፊው ደካማ ነው።» የካሜራና የብርሃን ሥራው ማለታቸው ነው። ስለ ፋያ ዳዪ ነው እንዲህ ያሉት። የያዝኩት ቡና ትን አለኝ።

ውሳኔው ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ቅዳሜውም የራሳቸው ነው፣ አዳራሹንም የተከራዩት እነሱ ናቸው። ያቃጠለኝ እጅ ከወረደ በኋላ አንዱ ተነሥቶ የተናገረው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በየስልኩ ሲቀባበሉት ከረሙ። «ወሎን የመሰለ አገር ይዘን ጥቁርና ነጭ ምን ያደርግልናል? እዚህ ማንም ካሜራ ይዞ ቢቆም ሥዕሉ ራሱ ይመጣል።» ተጨበጨበለት አሉ።

ሥዕሉ ራሱ ይመጣል! 11 ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ሰርግ ስቀርጽ፣ ራሱ የመጣ ሥዕል አንድም ቀን አልገጠመኝም። ራሱ የሚመጣው ጉም ነው። ነሐሴ ላይ ፒያሳ ቁምና ጦሳን ቅረጽ እስቲ። ተራራው የነበረበትን ቦታ በግምት ትጠቁማለህ እንጂ ሌላ የምታመጣው የለም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደመናው ከሰው ጋር እየተጋፋ ነው መንገድ የሚሻገረው። አንድ ክረምት ሙሽራ በነጭ ቬሎ ጉሙ ውስጥ ቆማብኝ ፊቷና እጇ ብቻ ተንሳፍፈው ቀሩ። ቬሎውን ጉሙ በላው። የት ላቁማት? ከኋላዋ ምን ጥቁር ነገር ላምጣ? ሥራ የሚባለው ያን ጊዜ ነው የጀመረው። በመጨረሻ የአንድ ሱቅ የዛገ የቆርቆሮ በር ፊት አቆምኳት። ጦሳ አልረዳኝም።

ወደ ጥቁርና ነጩ ልምጣ፤ ሰዎቹ ጉድ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። «ለቀለም የሚሆን ባጀት ስላልነበራቸው ነው» ያለ አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ፊልሙ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የመጨረሻው ርካሽ ባለካሜራ ስልክ እንኳ በቀለም ይቀርጻል። ቀለም በነጻ ነው የሚመጣው። ዋጋ የሚያስከፍለው ቀለሙን መተው ነው። ሜክሲኳዊው ዳይሬክተር አልፎንሶ ኩዋሮን በ2018 የወጣውን ፊልሙን «ሮማ»ን በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ብር አጥሮት ነበር? ካሜራውንም የመራው ራሱ ነው፤ የሲኒማቶግራፊውን ኦስካር ይዞ ነው ቤቱ የገባው። ጄሲካ በሽርም ፋያ ዳዪን ራሷ ናት የቀረጸችው፤ ወደ 10 ዓመት ያህል ወደ ሐረር አካባቢ እየተመላለሰች። የኛዎቹ 10 ደቂቃ አልቻሉም።

የባጀቱን ነገር ያነሣውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ፊልሙን የት እንዳየው ጠየቅኩት። ከኮምቦልቻ ሲመጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በስልክ። የሐረጎን ዳገት እየወጣ፣ በየጥምዙ ጭንቅላቱ ከመስኮቱ እየተጋጨ፣ ባትሪ እንዳይጨርስ ብርሃኑን እስከ ታች አውርዶ። ኮፒው ደግሞ ከሰው ሰው ሲዞር የደቀቀ ነው። የደቀቀ ኮፒ መጀመሪያ የሚበላው ጥቁሩን ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለችው ስስ ልዩነት ትጠፋና ካሬ ካሬ ጭቃ ይሆናል። ፀሐይዋም በመስኮት ገብታ ስክሪኑ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ እስከ መናኸሪያ ድረስ ያየው የራሱን ፊት ነው። ደካማ ነው ካለ እንግዲህ ምን እላለሁ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ይህ ነገር ከየትም ሳይሆን ከወሎ መውጣቱ ነው። የባቲና የአምባሰል ልጅ «ቀለም አነሰብኝ» ብሎ ያኮርፋል? ቅኝቶቻችንን ቁጠራቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። አምስት! ፒያኖው ላይ 12 ተደርድሮልሃል። የቀሩትን ሰባቱን የተውናቸው መግዣ አጥተን ነው? መሲንቆስ? አንድ ክር ናት፤ የፈረስ ጭራ። አዝማሪው ሁለተኛ ክር መጨመር ያቃተው ድሃ ነው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያችው ክር አይደል እንዴ ሲያስቅህ አምሽቶ መጨረሻ ላይ እናትህን አስታውሶ የሚያስለቅስህ! ድምፅ ሲያንስ የቀረው እያንዳንዱ ሸክሙ ይበዛበታል። ጣቱ ትንሽ ሸርተት ካለች ቤቱ ሁሉ ይሰማል። መደበቂያ የለውም።

ጥቁርና ነጭም መደበቂያ የለውም። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት አረንጓዴ ማሳ መሃል አቁም። በቀለም ከሆነ ከሩቅ ትታይሃለች፤ አንተ ምንም አልሠራህም፣ ሻሹ ነው የሠራው። አሁን ቀለሙን አውጣው። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑብህ ይችላሉ። ሴትየዋ እዛው ማሳው ውስጥ ሟሟች። ከዚህ በኋላ የሚያወጣት ብርሃን ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ትሁን ከጎኗ፣ ጠዋት ይሁን አሥር ሰዓት ላይ፣ ከኋላዋ ጭስ ይለፍ አይለፍ፣ ቁጭ ብለህ ትወስናለህ። ካልወሰንክ ማሳ ቀርጸህ ትገባለህ። ሲኒማቶግራፊ የሚሉት ይህን ነው። ድሮን ማስነሣት አይደለም።

ደግሞስ ወሎዬ ሆኖ የፋያ ዳዪን ብርሃን አላውቀውም የሚል ሰው እንዴት አምነዋለሁ? አያቴ ቤት ሐሙስ ከሰዓት ወዳጃ፣ ማለት ቡናና ዱዓ ያለበት መሰባሰብ፣ ሲኖር ቤቱ አንድ በርና መዳፍ የምታህል አንዲት መስኮት ነበረችው። ረከቦቱ በሩ አጠገብ ነው። ዕጣኑ ሲጨስ ከበሩ የሚገባው ብርሃን አካል ያወጣል። ይወፍራል። እንደ ሳንቃ ከደፉ እስከ ምሰሶው ይጋደማል። አያቴ ከሳንቃው ወዲያ ትቀመጣለች፤ ፊቷ አይታይም። ጀበናውን ስታነሣ እጇ ብቻ ወደ ብርሃኑ ይገባል። ደም ሥሮቿ፣ የብር ቀለበቷ፣ ከስኒው የሚነሣው እንፋሎት። ከዚያ እጇ ተመልሶ ይጠፋል። ዱዓው ከጨለማው ውስጥ ነው የሚመጣው። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አታውቅም፤ «አሚን» ሲሉ በድምፃቸው ትለያቸዋለህ። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ያ የብርሃን ሳንቃ ቀስ እያለ ከምሰሶው ይወርድና ጫቱ የተጠቀለለባት እርጥብ ጨርቅ ላይ ይደርሳል። እኛ ልጆቹ ሰዓት የምናውቀው በሱ ነበር። ጨርቁን ሲነካ ከብት ማስገቢያ ደርሷል ማለት ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ስልክህን አውጣና ቅረጽ። ስልኩ ያዝንልሃል፤ ጨለማ ነው ብሎ ሁሉን ነገር ያነጣልሃል። ግድግዳው ይታያል። የተለጠፈው ካላንደር ይታያል። ጥግ ያለው የዘይት ጀሪካን ይታያል። በሩ ነጭ እሳት ይሆናል። አያቴ የለችም። ማለቴ አለች፣ ግን ከጀሪካኑ እኩል ናት። ካሜራ ለራሱ ከተተወ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ሁሉን ጎትቶ መካከለኛ ግራጫ ላይ ማስቀመጥ። «ራሱ የሚመጣው ሥዕል» እንግዲህ እሱ ነው፣ ይመቻችሁ። ያን ቤት የሚቀርጽ ሰው በሩን ይፈልግ እንደሆነ፣ ሴትየዋን ይፈልግ እንደሆነ ቀድሞ መወሰን አለበት። ሁለቱንም አያገኝም። ጄሲካ ወስናለች። ጭሱን፣ ጫት የሚያስሩትን ጣቶች፣ ግማሽ ፊትን ወሰደች። የቀረውን ለጨለማው ተወችለት። ይህ ድክመት ከሆነ የአያቴም ቤት ድክመት ነው።

ሐረር ሌላ፣ ወሎ ሌላ የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ሌላ ነው። ጭስ ግን ጭስ ነው።

«ለፈረንጅ ነው የሠራችው» የሚለውንም ሰምቻለሁ። እናቷ ሜክሲኳዊት ናት፣ አዎ። ያደገችው ግን ሐረር ነው፤ በወጣትነቷ ከአገር ወጣች፣ ተመልሳ መጥታ ቀረጸች። እናንተ ደሴ ተወልዳችሁ ከወሎ የምታውቁት ከሰማይ ሲታይ ያለውን ብቻ ከሆነ፣ ፈረንጁ ማን ነው?

ድሮን እኔም አለኝ። አልዋሽም፣ እንጀራዬ ነው። ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር ይቆማሉ፣ ከላይ ክብ እየሠራሁ እወርዳለሁ፣ አጎትየው «ሆሊውድ አረግከው!» ይላል፣ ሒሳቤን እቀበላለሁ። ነገር ግን የአንዱን ሰርግ የሐይቅ ቀረጻ ቆርጬ ሌላው ላይ ብለጥፈው ማን ያውቅብኛል? (አላደረግኩትም። አንድ ጊዜ አስቤ ነበር።) ወሎን በፊልምና በዘፈን ክሊፕ ያሳዩን እንደዚህ ነው። ጦሳ ከላይ፣ ሐይቅ ከላይ፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ዞር ብላ ትስቃለች፣ አለቀ። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ዓይኑን ለፀሐይ አጥብቦ ግመል የሚደራደረው ሰውዬ የታለ? ኮምቦልቻ ላይ የሌሊት ተረኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው የሚያልፉት ሴቶች የታሉ? እነሱን ለመቅረጽ መውረድ ያስፈልጋል። መጠበቅ ያስፈልጋል። «የወሎ ቆንጆ» እያልን ስንዘፍን የወሎን ፊት ማየት ትተናል፤ አመነም አላመነም፣ ያጨበጨበው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለበት።

የፊት ነገር ከተነሣ፣ ከሚያቃጥለኝ ነገር አንዱ «አንጣኝ» ነው። ኤዲት ላይ ሙሽሪት አጠገቤ ቁጭ ብላ «ትንሽ ነጣ አድርገኝ በናትህ» ትላለች። አነጣታለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ይህ በሽታ ከሷ አልጀመረም። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለረጅም ጊዜ የቀለም መለኪያ ካርዱ ላይ የሚያደርገው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ» ነበር የሚሉት። እሷ ካማረች ቀለሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። እኛ ስንነሣ ጥርስና ዓይን ሆነን እንወጣ ነበር። አሁን በፋያ ዳዪ ጥቁር ፊት እንደ ጥቁርነቱ፣ ጉንጩም ግንባሩም ላቡም ሳይጠፋ ሲመጣ «ጨለማ ነው» ይባላል። ማን ነው ዓይናችንን እንዲህ ያደረገው?

ፊልሙ ይረዝማል? ይረዝማል። 2 ሰዓት ነው፤ ታሪኩም እንደ ለመድነው ተያይዞ አይሄድም። እንቅልፍ የወሰደውን ሰው አልቀየምም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ከድኗል። ግን እንደ ሰው «ሰለቸኝ» በሉ። «ሰለቸኝ» የሚል ሰው ይከበራል። መሰላቸትን «ሲኒማቶግራፊ» የሚል ካባ አልብሶ ድምፅ ማሰጠት ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ እኔ ቤት ነው። ፕሮጀክተሩ አለ፤ ከሰርግ የተረፈ ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጥሬያለሁ፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ እደፍናለሁ። ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል። ድምፅ የሰጣችሁት ሁሉ ኑ። የሐረጎው ልጅ ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ ቦታውን ይዤለታለሁ። አብሽሩ፣ ቡናው እስከ በረካ ነው። እንቅልፍ ለሚወስደውም ጋቢ አለ።