ተማሪው ስንት በሽተኛ ያያል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎጃም ከተሞች በምዝገባ ማስታወቂያ ይሞላሉ። ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ። አንዳንዶቹ የግል የጤና ኮሌጆች ትንንሽ ናቸው፤ መማሪያ ክፍላቸው ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ወይም ፎቁ ላይ ነው። ወላጅ ይህን ሲያይ «ይሄ ደግሞ ኮሌጅ ነው?» ይላል። እኔ በትንሽነታቸው አልፈርድባቸውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ተማሪው ስንት በሽተኛ ያያል? ምን ዓይነት በሽተኛስ?

ክሊኒክ ጥሩ መማሪያ ነው። በትልቅ ሆስፒታል አንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ይሰበሰባል፤ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ጋውን ነው። በክሊኒክ ግን በሽተኛው ካርድ ካወጣበት ጀምሮ መድኃኒቱን ይዞ እስኪወጣ ተማሪው አብሮት ነው። በቀጠሮው ሲመለስም ያገኘዋል። መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ ከራሱ አፍ ይሰማል።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ተማሪ የወባ ምርመራ ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ። የታማሚውን ጣት ወጋች፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠረገች። ወፍራሙንና ስሱን የደም ቅብ በመስታወት ላይ አዘጋጀች። ከደረቀ በኋላ 10 በመቶ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ አፍስሳ 10 ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ትንሽ ቆየችና «የለም» አለች። አስተማሪዋ «ስንት ፊልድ አየሽ?» አላት፤ ፊልድ ማለት በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ቦታ ነው። ዝም። «100 ሳትጨርሺ የለም አይባልም» ብሎ መልሶ አስቀመጣት። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህን ለእያንዳንዱ የሚጠይቅ መምህር ከየት ይመጣል? ለአባይ በረሃና ለጃዊ ቆላ ሰው ግን ጥያቄው የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጎጃም ሕመም ራሱ የክሊኒክ ሕመም ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት እንውሰድ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው 100 ሰዎች 3 ያህሉ ላይ አግኝቶታል። ሕክምናው እግሩን በሳሙና ማጠብ፣ በቫዝሊን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። የሚከብደው ጎረቤት የሸሸውን እግር በእጅ ይዞ ማጠቡ ነው። ይህን ከፕሮጀክተር ማንም አይማረውም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ተማሪዎችን በቡድን ወደ ትንንሽ ከተሞች ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እየሠሩ ይማሩ ነበር። ልዩነቱ ከጀርባቸው ሆስፒታል ነበራቸው።

የክሊኒክ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ሳል፣ ተቅማጥ፣ ጨጓራ፣ የሽንት ሕመም በብዛት ይገባሉ። ደም የሚፈሳት ወላድና የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ግን በር ላይ ሪፈር ይጻፍላቸዋል። ተማሪው የሚማረው ሪፈር መጻፍን ይሆናል። ክፉ ልማድም ይወርሳል። ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን እንደማያረጋግጥ በክፍል ይማራል፤ ታች ወርዶ ግን ለመጣው ሁሉ «ታይፎይድ አለብህ» ሲባል ይሰማል። ነገ የሚሠራው ያየውን ነው። የክሊኒኩም የኮሌጁም ባለቤት አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ከፍሎ የሚማረው ልጅ ነፃ ጉልበት ሊሆን ይችላል፦ ካርድ ክፍል ይውላል፣ መርፌ ሲወጋ ይውላል፣ የሠራው የሚመዘገብበት ሎግ ቡኩ በአንድ ከሰዓት ተፈርሞ ያልቃል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

በ2015 ዓ.ም. ለዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ያለፉት 12,422፣ ማለትም 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉም የትምህርት መስክ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ሰው «ይዘጉ» አለ። ድንጋጤው ይገባኛል። ግን ከነዚህ ዓመታት ግጭት ጋር መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከቢቸና ባሕር ዳር ሄዳ መማር ያልቻለች ልጅ የት ትሂድ? ደግሞስ የወረቀት ፈተና የእጅን ሙያ ይለካል? ያለፈውም ቢሆን ማዋለድ ይችል እንደሆነ ከውጤቱ አይታወቅም።

ስለዚህ ትንሹ ኮሌጅ ይኑር፣ ተማሪውም በክሊኒኩ ይማር፤ ግን ኮሌጁ ከሆስፒታል ጋር የጽሑፍ ውል ሳይኖረው ተማሪ አይመዝግብ። ተማሪው ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ሆስፒታል ገብቶ የሌሊት ዱቲ ያድራል። ማዋለጃ ክፍል የሠራውን የምትፈርምለት አብራው ያደረችው አዋላጅ ትሁን፣ የኮሌጁ ባለቤት አይደለም። ሆስፒታሉም ለዚህ ድካሙ ከኮሌጁ ክፍያ ያግኝ፤ በይሉኝታ የሚሠራ ነገር አይዘልቅም። ወላዷም «ተማሪ ነው፣ ይፈቅዳሉ?» ትባል። እምቢ ካለችም ያለ ቁጣ ይታለፍ።

ወላጆች ደግሞ ምዝገባ ስትሄዱ ስለ ዩኒፎርሙና ስለ ምረቃው ከመጠየቃችሁ በፊት ውሉን አሳዩን በሉ። አምና የተመረቀ ተማሪ ሎግ ቡክም ጠይቁ፤ ገጾቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ፊርማ ከተሞሉ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።