አጎት ቶም ወገኑን አልከዳም

«አጎት ቶም ለነጮች ያጎነበሰ፣ ወገኑን የሸጠ ሰው ነው» ብለሃል። ስሙ ዛሬ ለስድብ የሚውለው በዚህ ትርጉም መሆኑ እውነት ነው። ስሙ የመጣበት ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ቶም ግን በፍጹም እንዲህ አይደለም።

ይህ ልብ ወለድ፣ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ»፣ በመጽሐፍ መልክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። እዚያ ውስጥ ሳይመን ሌግሪ የተባለው ጨካኝ ጌታ ባሪያውን ቶምን ሌላ አንዲት ባሪያ እንዲገርፍ ያዘዋል። ቶም እምቢ ይላል። በእምቢታው ራሱ ክፉኛ ይደበደባል። በኋላ ካሲና ኤመሊን የተባሉ ሁለት ሴቶች ከሌግሪ ያመልጣሉ። ቶም የት እንዳሉ ያውቃል። ማወቁንም አይክድም፤ ግን አይናገርም። ተደብድቦ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ክህደቱ የቱ ጋ ነው?

ስሙን በዋናነት ያበላሸው መድረክ ነው። ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጭ ተዋንያን ልብ ወለዱን በየከተማው በቲያትር ሲያሳዩ ቶምን ጎንበስ ቀና የሚል ሽማግሌ አደረጉት። በመጽሐፉ ግን ደረተ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት አባት ነው።

መጽሐፉ እንከን የለሽ ነው እያልኩ አይደለም። ስቶው ባርነትን አጥብቃ ብትቃወምም፣ ስለ ጥቁሮች ተፈጥሮ የጻፈችው ራሱ የዘር ጭፍን አመለካከት አለበት። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን እ.ኤ.አ. በ1949 መጽሐፉን ክፉኛ የተቸውም ያለምክንያት አልነበረም። ወቀሳው ግን ለደራሲዋ እንጂ ሁለት ሴቶችን አሳልፎ ላለመስጠት ለሞተው ሰው አይገባም።

ምዕራፍ 33ን እና 40ን አንብባቸው። ሁለቱም ትዕይንቶች እዚያ አሉ።