ላም አለን በሰማይ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ አዲስ ቤት ገብቶ ቡና ጠራን። ሳሎኑ እንደ ክሊኒክ ጥርት ያለ ነው፤ መደርደሪያ የለ፣ ካሴት የለ፣ አቧራ የሚያርፍበት አንዳች ነገር የለ። ግድግዳው ላይ አንድ ግዙፍ ቴሌቪዥን ብቻውን ተንሰራፍቷል። ድሮ ቤቱ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ፊልም እንደነበረው ስለማውቅ "ዲቪዲዎችህስ?" አልኩት። እንደ ባላገር አየኝና ሪሞቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

"ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው!"

አመንኩ። አቦል ሲቀዳ ፊልም መምረጥ ጀመርን። ወዳጄ በአውራ ጣቱ ይገፋል፣ ፖስተሮቹ እንደ ሰልፈኛ ያልፋሉ። ሚስቱ "ይሄስ?" ትላለች፤ አይተነዋል። "ያኛውስ?" እሱ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ቶና ደረሰ። ከአንዱ ወጥተን ሌላው ውስጥ ገባን፤ እዚያ ደግሞ ፓስወርዱ ተረሳ፣ ኮድ ወደ ስልክ ተላከ፣ ስልኩ ፎቅ ላይ ቻርጅ ላይ ነው፣ ልጅ ተላከ፣ ልጁ እዚያው ቀረ። በረካ ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ ረከቦቱ ተነሳ። ያየነው ነገር ቢኖር የአሥራ አንድ ፊልም ማስተዋወቂያ ነው።

"ምርጫው በጣም ብዙ ስለሆነ እኮ ነው" አለኝ በር ድረስ ሲሸኘኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው። ድሮ ሠላሳ ዲቪዲ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ መርጦ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። እንዴት ያለ ድህነት ነበር!

ይህን ሥልጣኔ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

አስቀድሜ ግን አባቶቼን ይቅርታ ልጠይቅ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ በሞኝ የሚሳለቁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክላውድ (ደመና) የሚባለውን፣ ንብረትህን በኢንተርኔት ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚያኖረውን ነገር ቀድመው አይተውት ኖሯል። ደመና ላይ የታሰረች ላም በረት አትፈልግም፣ እረኛ አትፈልግም፤ የወር መኖዋን ራሷ ከባንክ ካርድህ ላይ ትግጣለች። አባቶች የተሳሳቱት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ወተቷን ማየትስ ይቻላል። ማለብ ነው የተከለከለው።

ደግሞ ርካሽነቷ! ኔትፍሊክስ አሜሪካ ውስጥ ስትሪሚንጉን፣ ማለትም ፊልም በኢንተርኔት ማሳየቱን፣ ከዲቪዲው ለይቶ ለብቻው መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ነው፤ በወር 7.99 ዶላር፣ ያለ አንዳች ማስታወቂያ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2025ም 7.99 ዶላር የሚባል ጥቅል ነበረው። ሰው ዝም ብሎ "ጨመሩ፣ ጨመሩ" ይላል እንጂ የጨመሩት ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ያውም በነፃ፣ መርቀው። ያለ ማስታወቂያ ካላየሁ የሚል ጠማማ ያኔ 17.99 ይከፍል ነበር። አማዞንም በጃንዋሪ 2024 ለፕራይም ቪዲዮ ደንበኞቹ ከዚሁ ምራቂ አደለ፤ "ምራቂው ይቅርብኝ" ላለው ደግሞ በወር 2.99 ዶላር ቆረጠለት። እኛ አገር ገበያ "መርቂልኝ እንጂ" ተብሎ ይለመናል። ምራቂ ለማስቀረት ገንዘብ የሚከፈልበትን ቀን በዓይኔ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ተመስገን ነው።

ዘመድን የማወቅ ነገርም ተስተካክሏል። ሐበሻ "ቤተሰብ" ሲል ዳላስ ያለች የአክስት ልጅ አለችበት፣ ሚኒያፖሊስ ያለ አማች አለበት፣ የአማቹ የክርስትና ልጅ አለበት፤ ሁሉም በአንድ ፓስወርድ ተፋቅሮ ይኖር ነበር። በሜይ 2023 ኔትፍሊክስ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ደንቡን አወጀ፦ ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነው፣ ከዚያ ውጭ ላለ ሰው በወር 7.99 ይጨመራል። ሌሎቹም ተከተሉ። ሽማግሌ ተሰይሞ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ያልተፈታውን "ዘመድ ማነው?" የሚል ጥያቄ ዋይፋይ በአንድ ሌሊት ፈታው። አክስቴ ብቻ አልገባቸውም። ከየትኛው እንደወጡ እንኳ ሳያውቁ "ልጄ፣ ምን አስቀየምኩህና ነው ያስወጣኸኝ?" እያሉ በየእሑዱ ይደውላሉ።

ከሁሉ አብልጬ የምወዳት ግን "ግዛ" የምትለዋን ቁልፍ ነው። መርካቶ ውስጥ ገዛሁ ያለ ሰው ዕቃውን በኩሊ አሸክሞ ይሄዳል፤ ድካም ነው። እዚህ ትከፍላለህ፣ ዕቃው ሻጩ ዘንድ ይቀመጥልሃል፣ ሻጩ ከዕቃው ባለቤት ጋር የተጣላ ዕለት አንተም አብረህ ትጣላለህ። በዲሴምበር 2023 ሶኒ ለፕሌይስቴሽን ደንበኞቹ፣ ከፍለው "የገዟቸው" የዲስከቨሪ ዝግጅቶች በዓመቱ መጨረሻ ከስብስባቸው እንደሚነሱ ነገራቸው። የፈቃድ ስምምነት ጉዳይ ነው ተባለ። ጩኸቱ ሲበረታ ሌላ ስምምነት ተገኘና ነገሩ ቀረ፤ ገዢው ግን የማን ቤት እንግዳ እንደሆነ ዐወቀ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ነገር ፈላጊ ናት። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዲጂታል ሻጭ "ግዛ" ሲል የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ይናገር የሚል ሕግ አወጣች። ሰው ደስ ብሎት እየገዛ ሳለ "ልብ በል፣ አልገዛህም" ማለት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

ዲስኒ "ክሬተር" የተባለ ልጆች ጨረቃ ላይ የሚንከራተቱበት ፊልም ሠርቶ ሜይ 12 ቀን 2023 በዲስኒ ፕላስ አወጣው። ጁን 30 አነሳው። አርባ ዘጠኝ ቀን! ወንድ ከሆነ ክርስትና ተነስቶ ነው የሄደው፤ ሴት ከሆነች ሰማንያዋ እንኳ አልደረሰም። ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ከዚህም የረቀቀ ነው። በ2022 "ባትገርል" የተባለውንና 90 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈሰሰበትን ፊልም፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ለሕዝብ ሳያሳይ ዘጋበት። መቼም ከተመልካች ዓይን ማዳን እንዲህ ነው።

እኔም ብሆን ከሥልጣኔው አልቀረሁም። ከአራት ዓመት በፊት ቤት ስቀይር ዲስኮቼን በሙሉ አንድ የሙዝ ካርቶን ውስጥ አጭቄ፣ "ነፃ" ብዬ ጽፌ መንገድ ዳር አስቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ካርቶኑን ሰው ወስዶታል። ዲስኮቹ ሣሩ ላይ ተደፍተዋል።

የሠፈሬ ሰው ምን ያህል እንደሠለጠነ ያን ቀን ገባኝ። ኔትፍሊክስ ራሱ ከ1998 ጀምሮ በፖስታ ዲቪዲ ወደየቤቱ ሲልክ ኖሮ በሴፕቴምበር 2023 ያንን ሥራ ዘጋ፤ ሲዘጋም ደንበኞቹ እጅ የቀሩትን ዲስኮች "አትመልሱ፣ ያዟቸው" አለ። ከዚያ ወዲህ "ያዙት" ያለን የለም።

የምስሉን ጥራት ያነሳ እንደሆነስ? 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉንም በሴኮንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሊያፈስሰው ይችላል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በቂ ነው የሚለው የኢንተርኔት ፍጥነት 15 ሜጋቢት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሌሊት የሆነ ትዕይንት ሲመጣ ነው፤ ጨለማው ሰማይ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን እየሆነ ኮብልስቶን ይነጠፍበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ሁሉ ወጣት የፈጀ ሥራ እዚህ መዶሻ ሳይነሳ ያልቃል።

የአዲስ አበባ ሰውማ ገና ብዙ ይቀረዋል። ፍላሽ ይዞ ሱቅ ይሄድና "ጫንልኝ" ይላል፤ ፊልሙን ኪሱ ውስጥ ከቁልፉ ጋር ይዞት ይዞራል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ ባለ ፍላሾቹ ፊልም አዩ። የሠለጠኑት ግድግዳ አዩ፤ እሱም ጥርት ያለ ነው።

አሁን ወደ ኋላቀሮቹ ልምጣ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉት አጎቴ፣ ጋሼ፣ የመኝታ ቤታቸውን አንድ ግድግዳ ለዲስክ ሰጥተዋል። ስድስት መቶ ያህል ይሆናል። አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ ገዝተውታል፤ አንዱ ለማየት፣ አንዱ "ለክፉ ቀን"፣ ሦስተኛው ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም፣ ለምን እንደሆነ እሳቸውም አይናገሩም። ዲስክ ሲያወጡ በሁለት ጣት ዳርና ዳሩን ይይዙታል፣ እፍ ይሉበታል፣ በጋቢያቸው ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርጉታል። የተቧጨረውን የጥርስ ሳሙና ቀብተው ያሹታል። ይህ ሁሉ ሪሞት በአንድ ጣት ለሚሠራው ሥራ ነው።

ብቻቸውን ቢሆኑ ዕድሜ ነው እል ነበር። የፊልም ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላንም በ2023 "ኦፐንሃይመር"ን በዲስክ ገዝታችሁ መደርደሪያችሁ ላይ አኑሩ፣ ስትሪሚንግ መጥቶ እንዳይሰርቃችሁ የሚል ምክር ለተመልካቾቹ ሰጥቷል። ሰውዬው በዓመቱ በዚያው ፊልም ኦስካር ቢወስድም ዘመኑ አልገባውም።

የጋሼ ትልቁ ሀብት ግን የአማርኛዎቹ ናቸው። ያኔ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን የፊልም መደርደሪያ ነበር፤ ሰው ለሽሮ ገብቶ ፊልም ይዞ ይወጣል። ብዙዎቹ ቪሲዲ ናቸው። አንዱ ቪሲዲ ከሰማንያ ደቂቃ በላይ ስለማይችል ፊልሙ ለሁለት ይከፈላል፣ ሲዲ 1 እና ሲዲ 2። ልክ ልቡ ሲሰቀል ይቆማል፤ ከሶፋው የሚነሳ ሰው ይፈለጋል፣ "አንተ ተነሳ"፣ "አንቺ ቅርብ ነሽ" ይባባላል። ዛሬ ያ መደርደሪያ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ባለሱቁን ብትጠይቀው "ዩቲዩብ ላይ አለ" ነው መልሱ። አለም። የጫነው ሰው የቻናሉን ስም የተዋናይዋ ግንባር ላይ ለጥፎበት፣ እናትየው ነፍሷ ሊወጣ ስታጣጥር የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ገብቶበት፣ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ "ይህ ቪዲዮ አይገኝም" ይላል። ማን አነሳው፣ ለምን አነሳው፣ የት ሄደ፣ የሚጠየቅ የለም።

ባለቤቴ ገና ስንጫጭ ያየነው አንድ ፊልም አምሯት ስትፈልግ የገጠማት ይኸው ነው። ስትፈልግ አመሸች። የለም። "ጋሼ ጋ አይጠፋም" አለችኝ። ሄድን።

ጋሼ ዲስክ ያለ ደብተር አያበድሩም። ባለ መስመር ደብተር ነው፤ ቀን፣ የተበዳሪ ስም፣ የፊልም ርዕስ፣ "ተመለሰ" የምትል ሣጥን። ከሙት ጭምር የሚጠይቁት ዕዳ አለ። የፊልሙን ርዕስ ስነግራቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ኋላ ገለጡ፣ ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። 2009። ስሜ። ርዕሱ። ከጎኑ "ሲዲ 2 ብቻ"።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሲዲ 1ን እዚሁ አይተን መሽቶ፣ በማግስቱ ሥራ ነበረኝና "ቀሪውን ቤት ጨርሼ አመጣዋለሁ" ብዬ ነው የወሰድኩት። ሣጥኗ ባዶ ናት።

"ይዘኸው መጣህ?" አሉኝ።

"ቤት አለ፣ ጋሼ።" የሙዝ ካርቶኑ ዓይኔ ላይ መጣ። ሣሩም።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ሲዲ 1ን አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ጠረጉት፣ ከፈቱልን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቡናው ገና አልተቆላም ነበር። ፊልሙ ያምራል፤ ባለቤቴ ገና ከመጀመሪያው መሃረብ አወጣች። ልጅቷ አውቶቡስ ላይ ወጥታ፣ ልጁ ከኋላ እየሮጠ፣ አውቶቡሱ ሲነሳ ቀጥ አለ። ሰማያዊ ስክሪን።

"ከዚህ ወዲያ እኔ እነግራችኋለሁ" አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት ጎትተው። ነገሩንም። ልጁን ሲሆኑ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ የልጅቷን አባት ሲሆኑ ያጎረንናሉ፣ ደብዳቤው ሲደርስ ከኪሳቸው ደረሰኝ አውጥተው አነበቡት። ማስታወቂያ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ተልከው፣ አባትየው "አስቤ እመልሳለሁ" ብለው፣ ልጅቷ በር ሥር ቆማ ስታዳምጥ ደረሱና ቆሙ።

"ሰጧት?" አለች ባለቤቴ።

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እሱን እንጃ፣ ልጄ። ሲዲ 2ን ካየሁት አሥራ ምናምን ዓመት ሆነኝ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ስታመጣው እናየዋለን።"